ሆርሞን ከመጀመርዎ በፊት አማካሪ ፊት ይቀመጡ

በአርሲ ደጋ፣ ሳጉሬ ያለች እናት ስልክ አንስታ «ሄሎ» ሲሏት ማን እንደሆኑ አትጠይቅም። በድምፅ ታውቃለች። ቴስቶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን የጀመረ ሰው ድምፅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እየወፈረ ይሄዳል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም ወደ ድሮው አይመለስም። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ማለት ሁለት ሳምንት ያዛልቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እናትዎን ምን ይሏታል? ሆርሞኑን የሚያዝልዎ ሐኪም ብዙ ጊዜ ይህን አይጠይቅዎትም፤ እሱ የሚያየው የደም ግፊትዎንና የደም ምርመራዎን ነው። ጥያቄውን አንስቶ መልሱን አብሮዎት የሚፈልገው የሥነ ልቦና አማካሪ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሲወለዱ የተነገረላቸው ጾታ የእነሱ እንዳልሆነ ለሚሰማቸው (ትራንስጀንደር ለሚባሉ)፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ከአርሲ ደጋ ወጥተው በሰው አገር ለሚኖሩና ሆርሞን ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ነው። እኔም የሳጉሬ ልጅ ነኝ። ዋሽንግተን አካባቢ በሕክምና አስተርጓሚነት እሠራለሁ፤ በሐኪምና በታካሚ መካከል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው አደርሳለሁ። የማንንም ታካሚ ታሪክ እዚህ አላወጣም። የምጽፈው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የተማርኩትን ነው። አገር ቤት ላላችሁትም ወደ በኋላ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ፦ ያሉበት አገር ምን እንደሚል ይወቁ

ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። የዓለም የትራንስጀንደር ጤና ባለሙያዎች ማኅበር የሚያወጣው የሕክምና መመሪያ በብዙ አገሮች መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ከዓመታት በፊት በወጣው በ7ኛው እትም ሆርሞን ለመጀመር ከአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚጻፍ ደብዳቤ ይፈለግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 8ኛው እትም ብቃት ባለው የጤና ባለሙያ መገምገም ያስፈልጋል ይላል እንጂ፣ የሥነ ልቦና ሕክምናን እንደ ግዴታ አላስቀመጠም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ክሊኒኮች ስለ መድኃኒቱ ጥቅምና ጉዳት ማብራሪያ ሰጥተው፣ መረዳትዎን አረጋግጠውና ስምምነትዎን አስፈርመው ይጀምሩልዎታል። ጀርመን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የባለሙያ ደብዳቤ ይጠየቃል። እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት ጤና አገልግሎት በኩል ለመጀመሪያው ቀጠሮ ብቻ ዓመታት ይጠበቃል፤ ስለዚህ ተራ መያዙን ነገ ሳይሉ ዛሬ ያድርጉት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁልኝ። አማካሪ ዘንድ ይሂዱ ስላልኩ በሽተኛ ነዎት ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቁትና ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

ታዲያ ግዴታ ካልሆነ ለምን ይሄዳሉ? ደብዳቤ በሚጠየቅበት አገር ያለው ሰው እንደ ፈተና ፈርቶ ይገባል፤ በማይጠየቅበት አገር ያለው ደግሞ ጨርሶ ይዘለዋል። ሁለቱም ይጎዱበታል ባይ ነኝ። እኛ ወረቀት የሚሰጥ ሰው ፊት ስንቀርብ የሚይዘን ጠባይ አለ። ቀበሌ ደብዳቤ ፍለጋ ተመላልሰን ስላደግን ጸሐፊው መስማት የሚፈልገውን ቀድመን እናውቃለን፤ ያንኑ ተናግረን ማኅተማችንን ይዘን እንወጣለን። አማካሪ ፊትም «ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፣ አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም» የሚል የተጠና ንግግር ይዞ የሚቀርብ ሰው አለ። እንዲህ አያድርጉ። ጥርጣሬ ካለዎት ይናገሩት። በ30 ዓመትዎ ያወቁት ከሆነ በ30 ዓመቴ ነው ይበሉ። የተጠና ታሪክ ደብዳቤ ሊያስገኝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሌሊት ግን ብቻዎን ነው የሚያሳልፉት።

ማንን ይምረጡ

ዋሽንግተን ውስጥ ዊትማን ዎከር የሚባለው የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማኅበረሰብ ሲያገለግል ቆይቷል፤ የሕክምናና የአእምሮ ጤና አገልግሎት በአንድ ጥላ ሥር አለው። በሌላ ከተማ ከሆኑ ክሊኒክዎን ይጠይቁ። ከመቀጠርዎ በፊት ስልክ ደውለው ሦስት ነገር ያጣሩ፦ ከትራንስ ሰዎች ጋር የሠራ ነው ወይ፣ ስደተኛ ታካሚ አይቶ ያውቃል ወይ፣ በአስተርጓሚ መሥራት ይችላል ወይ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

«አበሻ አማካሪ ይሻለኛል ወይስ ፈረንጅ?» ለሚለው ምርጫው የእርስዎ ነው። የአገር ልጅ ጸበል ምን እንደሆነ፣ ሩቃ ምን እንደሆነ፣ ታላቅ ልጅ መሆን ምን ሸክም እንዳለው ማብራሪያ አይጠይቅዎትም። ባዳ ደግሞ ነገ በሰርግ ላይ አያገኝዎትም። እኔ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀጠሮዎች ባዳውን እመርጣለሁ፤ አፍ እስኪፈታ ድረስ ፍርሃት መቀነሱ ይበልጣል።

«ላድንህ፣ ልመልስሽ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ተነሥተው ይውጡ። ካናዳ የሰውን የጾታ ማንነት ለመቀየር የሚደረገውን «ሕክምና» እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ወንጀል አድርጋዋለች። ጀርመን በ2020 በወጣ ሕግ ለአካለ መጠን ባልደረሱት ላይ ከልክላዋለች። ጥሩ አማካሪ ወደ ሆርሞን አይገፋዎትም፣ ከሆርሞንም አይጎትትዎትም።

አስተርጓሚው

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሥራዬም ነው፣ ነገሩም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ሰውን ሲያናግር ጾታ አይለይም። አማርኛ ግን «ደህና አደርክ» ወይም «ደህና አደርሽ» ሳይል ሰላምታውን እንኳ አይጨርስም። አንድ ቀን አንዲት ባለሙያ ታካሚዋን እንዴት እንዳደሩ ጠየቀች። እኔ የተቀመጡትን ሰው ልብስና ፊት አየሁና አፌ ላይ እንደመጣልኝ በአንድ ጾታ ተረጎምኩት። እኚያ ሰው አንገታቸውን ደፉ። እጃቸው ላይ የነበረውን የመኪና ቁልፍ ማገላበጥ ጀመሩ፤ ቀሪውን ሰዓት ከአዎና ከአይደለም ሌላ አልወጣቸውም። ባለሙያዋ ምን እንደተፈጠረ አላወቀችም፤ በእሷ ቋንቋ ምንም አልተፈጠረም። ያ ቀጠሮ በእኔ አንድ ፊደል ባከነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸው እስኪነግሩኝ ድረስ «እንዴት አደሩ» ነው የምለው። «እርስዎ» አክብሮትም ነው፣ ጾታም የለውም፤ ይህን መመሪያ በእሱ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ወሬው ከመጀመሩ በፊት ለአስተርጓሚው «አንተ ይበሉኝ» ወይም «አንቺ ይበሉኝ» ወይም «እርስዎ ይበቃኛል» ይበሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማብራሪያ መጨመር አይጠበቅብዎትም። አፋን ኦሮሞ የሚቀናዎት ከሆነ በእሱ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሳጉሬ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው «አቲ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ ግሡም አይለወጥም። በአማርኛም ቢሆን ራስዎ ሲናገሩ ነጻ ነዎት። «መጣሁ፣ ደከመኝ፣ ፈራሁ» የሚሉት ቃላት የተናጋሪውን ጾታ አይጠይቁም።

ሁለተኛው ችግር ስያሜው ነው። አንዳንድ አስተርጓሚ ትራንስጀንደር የሚለውን ሰምቶ «ፍናፍንት» ይላል፤ ያ ሲወለዱ የጾታ አካላቸው ከተለመደው ለተለየ ሰዎች የሚባልና ብዙ ጊዜ ለስድብ የሚውል ቃል ነው፣ ጉዳዩም ሌላ ነው። ሌላው «ግብረ ሰዶማዊ» ይላል፤ ያ ማንን ይወዳሉ የሚለውን ነው የሚመለከተው፣ እርስዎ ማን ነዎት የሚለውን አይደለም። «ወንዳወንድ» እና «ሴታሴት»ም ነገሩን አይሸከሙትም። «ትራንስጀንደር» ብሎ እንዳለ እንዲተወው፣ «የጾታ ማንነት» እንዲል ይንገሩት።

ሦስተኛው ወሬ ነው። ሳጉሬ ሰው ገበያ ውሎ ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ቤት ይገባል፤ እዚህም ያው ነው፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት የተባለው ማታ በቴሌግራም ሳጉሬ ይደርሳል። የሕክምና አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህን የሚያፈርስ ከሥራው ሊባረር ይችላል። ቢሆንም ፍርሃትዎ ይገባኛል። በስልክ ብቻ፣ ከሌላ ግዛት የሚሠራ አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎና ስምዎ እንዳይነገረው መጠየቅ ይችላሉ። የአባት ስም ከተጠራ ዘርዎም አገርዎም ታወቀ ማለት ነው። እንግዳ መቀበያው ላይም ስምዎን ጮክ ብለው እንዳይጠሩ አስቀድመው ያስጽፉ፤ የአገራችን ሰው በጽዳትም በጥበቃም በነርስነትም በየሆስፒታሉ አለ። እህት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ ያስተርጉምልኝ ግን አይበሉ። የሚወድዎት ሰው የሚያሳፍረውን ቃል ይዘለዋል፣ የሚያስፈራውን ያለዝበዋል።

ይዘው የሚገቡት ጥያቄ

የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ 50 ደቂቃ ያህል ነው። እስከ የት ድረስ ምስጢር እንደሚጠበቅ በመጠየቅ ይጀምሩ። ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ሊገድሉ ነው ብሎ ከሰጋ፣ ሕፃን እየተጎዳ እንደሆነ ካወቀ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘው አማካሪው ዝም ማለት አይችልም። ከዚህ ውጭ ያለው በአብዛኛው በክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ኢንሹራንስዎ በትዳር ጓደኛ ወይም በወላጅ ስም ከሆነ የሕክምናው ዝርዝር በፖስታ ወደ እነሱ ሊሄድ ስለሚችል ወደ እርስዎ አድራሻ ብቻ እንዲላክ ይጠይቁ። ቤትዎ ከዘመድ ጋር ከሆነና በቪዲዮ የሚገናኙ ከሆነ መኪና ውስጥ ይሁኑ። ታክሲ የሚነዳ ሰው ዳር አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ መስኮት ዘግቶ ቢነጋገር የሚያፍርበት ነገር የለም።

ከዚያ ድምፅ። ቴስቶስቴሮን ከሆነ የሚያስቡት፣ እናትዎን ማን ይነግራታል፣ መቼ፣ በምን ቃል? ወይስ አይነገራትም፣ መልእክት እየጻፉ ብቻ ይኖራሉ? መልሱን ከአማካሪው ጋር ተለማምደው ይምጡ፤ እሱ እናትዎን ሆኖ ይናገር፣ እርስዎ ይመልሱ። ይህን ልምምድ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ያደረገ ሰው ስልኩ ሲጮኽ አይበረግግም። ኤስትሮጅን ከሆነ ድምፅ አይቀጥንም። ጡት ግን ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ማደግ ይጀምራል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም ያለ ቀዶ ሕክምና አይጠፋም።

ልጅ መውለድ ሌላው ነው። ኤስትሮጅን የስፐርም መመረትን ሊያዳክም ወይም ሊያቆም ይችላል፤ ሁልጊዜ እንደሚመለስ ዋስትና ስለሌለ፣ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሩ በፊት ነው የሚያስቀምጠው። ቴስቶስቴሮን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ የወር አበባን ያቆማል፤ እርግዝናን ግን አይከላከልም፣ የወር አበባ የቆመባት ሴት የምታረግዝበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ እዚህም ይከሰታል። «ልጅ አልፈልግም» ቢሉም ቃሉ የእርስዎ ይሁን የድካምዎ አማካሪው ይጠይቅዎት። የልጅ ልጅ የምትጠብቅ እናት ያለው ሰው ይህን በአንድ ቀጠሮ አይጨርሰውም።

ሐዘንዎን ለይተው ይዩት። ከጾታ ጉዳይ የሚመጣ ሐዘን አለ፤ በበረሃ ካለፈ መንገድ፣ ከዕዳ፣ ወረቀት ከመጠበቅ፣ ከብቸኝነት የሚመጣም አለ። ሆርሞን የመጀመሪያውን ሊያቀልል ይችላል፤ ዕዳ ግን አይከፍልም። ድብርት ያለበት ሰው ሆርሞን አይከለከልም፣ አብሮ መታከም ነው ያለበት። ራስን ማጥፋት ካሰቡ ቀጠሮ አይጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ በ988 በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ፤ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

እምነትዎን አይደብቁ። ጸበል ተጠምቀው ከሆነ፣ ቁርአን ተቀርቶልዎት ከሆነ፣ ምን እንደተባሉና ምን እንደተሰማዎት ይናገሩ። ሰውን የሚያጽናናውን ጸሎቱን የሚነጥቅ አማካሪ ጥሩ አማካሪ አይደለም።

ወረቀት፦ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ጾታና ፊትዎ መለያየት ሲጀምሩ ቦሌ ላይ ምን ይሆናል? ለሰርግ ወይም ለለቅሶ አገር ቤት መግባት ካለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ይሆን ወይ? የጥገኝነት ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ካለዎት ማመልከቻው በመሠረቱ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ የአማካሪ ግምገማ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ከጠበቃዎ ጋር ይነጋገሩ።

የአርሲ ልጅ ነዎትና ሩጫም ላንሣ። ቴስቶስቴሮን በስፖርት የተከለከለ መድኃኒት ነው። የዓለም አትሌቲክስም በማርች 2023 ባሳለፈው ውሳኔ በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስ ሴቶችን ከሴቶች ውድድር አግዷል። የሚወዳደሩ ከሆነ ምን እንደሚያጡ ቀድመው ይወቁት፤ ያ ሐዘንም አማካሪ ፊት የሚቀርብ ሐዘን ነው።

ሳጉሬ ላላችሁ

አገር ቤት ይህን ሕክምና የሚሰጥ የተቋቋመ አገልግሎት የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት ይቀጣል፤ ስለ ጾታ ማንነት ባይናገርም፣ የሚከስና የሚያሳድድ ሰው ልዩነቱን አይለይም። ስለዚህ የምትነግሩትን ሰው ምረጡ፣ ስልካችሁ ላይ የሚቀመጠውን ፎቶና መልእክት አጥፉ።

ከፋርማሲ የወሊድ መከላከያ ገዝታችሁ እንደ ሆርሞን አትዋጡ። በብዙዎቹ ድብልቅ ኪኒኖች ውስጥ ያለው ኤቲናይል ኤስትራዲዮል በእግርና በሳንባ ደም የማርጋት አደጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ባለሙያዎች ለዚህ ጉዳይ አያዝዙትም፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ አደጋው ይብሳል። ከውጭ ዘመድ የላከውን መርፌም ያለ ደም ምርመራ አትውጉ። አንድ እግራችሁ ካበጠና ካመማችሁ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ፤ ምን እንደወሰዳችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

አማካሪን በተመለከተ ግን መንገድ አለ። እንቅልፍ ማጣትን፣ ጭንቀትን፣ የመሞት ፍላጎትን ለመታከም ሙሉውን ምስጢር መናገር ግዴታ አይደለም። አሰላ ወዳለው ሪፈራል ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሄዳችሁ «አልተኛም፣ መኖር አስጠልቶኛል» ማለት ይበቃል። ሐኪሙን እስክታምኑት ድረስ የቀረውን በልባችሁ ያዙት።

ቀጠሮውን ሲይዙ

ውጭ ላለው አንባቢዬ ልመለስ። ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ይያዙ። ክሊኒኩ ስልክ ሲያነሣ ይህን ይበሉ፦ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ በስልክ ይሁን፣ ከሌላ ግዛት ይሁን፣ ስሜ አይነገረው።» አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ የቋንቋ እርዳታ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚውም አያስከፍልም።